በሰፈር ራግቢ ክለብ ጨዋ ተጋጣሚ ለመሆን፦ ከሐሙስ ስልክ እስከ እሁድ ጥየቃ

እንግሊዝ አገር የምትኖሩ ከሆነና እናንተ ወይም ልጆቻችሁ የሰፈር ራግቢ ክለብ ከገባችሁ፣ ሕጉን ቀስ በቀስ ትለምዱታላችሁ። መጀመሪያ ግራ የሚያጋባው ሌላ ነገር ነው። 80 ደቂቃ ሙሉ ሲላተሙና ሲጣጣሉ የቆዩ 30 ሰዎች የመጨረሻው ፊሽካ እንደተነፋ ተሰልፈው ይጨባበጣሉ፣ ጭቃቸውን ታጥበውም አብረው ለምግብ ይቀመጣሉ። ብዙ አዲስ ሰው ይሄን አይቶ "ጨዋ ሕዝብ ናቸው" ብሎ ያልፋል። ጨዋነቱ ግን ከሰማይ አይወርድም። ስልክ የሚደውል፣ ድስት የሚጥድ፣ ዳኛውን የሚቀበል፣ ተናዶ እያለ አፉን የሚዘጋ ሰው ስላለ ነው። እነዚህ ሰዎች ከሰነፉ ማንም ሊገጥመው የማይፈልግ ክለብ ይሆናል፣ ያን ስም ማስለወጥ ደግሞ ዓመታት ይፈጃል።

ታሪኩ ነገሩን ያስረዳል። በእንግሊዝ የራግቢ ዩኒየን ክለቦች አገር አቀፍ ሊግ የጀመሩት በ1987 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ በፊት አብዛኛው ጨዋታ የሚያዘው በደብዳቤና በስልክ ነበር፤ የአንዱ ክለብ ጸሐፊ ለሌላው ይጽፋል፣ ቀን ይቆርጣሉ፣ የዓመቱ ፕሮግራም በዚህ ይሞላል። ሲማታ የዋለ ወይም እንግዶቹን ሳያበላ የሸኘ ክለብ በሚቀጥለው ዓመት ለደብዳቤው መልስ ላያገኝ ይችላል። ለተጫዋች ደመወዝ መክፈልም እስከ 1995 ድረስ ክልክል ነበር። ዛሬ ከላይ ያሉት ቡድኖች ሙያተኞች ናቸው። ከታች ግን፣ በተለይ በሁለተኛና በሦስተኛ ቡድኖች ዘንድ፣ ነገሩ ብዙም አልተለወጠም። ሜዳውን የሚያሰምረው፣ ሾርባውን የሚያማስለው፣ ልጆቹን የሚያሠለጥነው በነጻ ነው። ተጋጣሚያችሁ 15 ሰው ይዞ ካልመጣ የእናንተም ቅዳሜ ባዶ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ከዚህ አንድ ነገር የሚወጣ ነው፦ ተጋጣሚያችሁ ጨዋታውን የሚሰጣችሁ ሰው ስለሆነ እሱን ማቆየት የእናንተም ሥራ ነው።

ሐሙስ ማታ ስልክ ይደወል

የቡድን ኃላፊ ከሆናችሁ ሐሙስ ልምምድ እንዳለቀ ለተጋጣሚ ኃላፊ ደውሉ። መልእክት ብቻ ልካችሁ አትተዉት፣ ደውሉ። የምትጠይቁት ሦስት ነገር ነው፦ ስንት ሰው አላችሁ? የፊት መስመር ተጫዋቾች አሏችሁ ወይ? የማሊያችሁ ቀለም ምንድን ነው?

ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ትንሽ ልቆይ። በስክረም፣ ማለትም የሁለቱ ቡድን ተጫዋቾች ተያይዘው ለኳስ በሚገፋፉበት ጊዜ፣ ፊት ለፊት የሚገፋፉት ሁለቱ ፕሮፖችና መሐል ያለው ሁከር ለቦታው የሠለጠኑ መሆን አለባቸው። ያልሠለጠነ ሰው እዚያ ማስገባት አንገቱን አደጋ ላይ መጣል ነው። አንዱ ቡድን የሠለጠነ ፕሮፕ ከጎደለው ዳኛው ያለ ግፊያ ስክረም ያዛል፤ ተጫዋቾቹ ይያያዛሉ እንጂ አይገፋፉም። ጠንካራ ስክረም ያላቸው ቡድኖች ይሄን ሲሰሙ ይናደዳሉ፣ "ሆን ብለው ነው" ይላሉ። አንዳንዴ እውነት ነው፣ የሚያጭበረብር አይጠፋም። ቢሆንም ሐሙስ ላይ ተነጋግራችሁ ከነበረ ቅዳሜ ላይ ጥርጣሬ አይኖርም። የጎደላችሁም እናንተ ከሆናችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ። ሜዳ ዳር ደርሶ ማሳወቅ እንደ ማታለል ነው የሚቆጠረው፣ ቢቆጠርም አይፈረድባቸውም።

ተጋጣሚያችሁ 12 ሰው ብቻ ካለው ምን ታደርጋላችሁ? የሊጉ ደንብ ምናልባት በፎርፌ ነጥቡን ይሰጣችሁ ይሆናል። በፎርፌ የተገኘ ነጥብ ግን ማንንም አያጫውትም። እናንተ ጋ ተቀያሪ ሆነው የሚቀመጡ አራት አምስት ልጆች አሉ፤ ሊጫወቱ ነው የመጡት። ከእነሱ ሁለት ሦስቱን አውሷቸው። ወይም ሁለቱም ወገን ቀንሶ እኩል በእኩል ይጫወት፤ ደንቡ ስንት ሰው ድረስ እንደሚፈቅድ ከዳኛው ጋር ጨርሱ። ነጥቡ የማን እንደሚሆን ከጨዋታው በፊት ተስማሙ፣ ከጨዋታው በኋላ አትከራከሩበት። እንደ ዕቁብ ነው፣ ዛሬ የሰጣችሁት ሰው በጥር ብርድ እናንተ ጋ ግማሹ ቡድን ጉንፋን ሲይዘው ይመለስላችኋል።

የተዋሰው ተጫዋች በሙሉ ልቡ መጫወት አለበት። የገዛ ጓደኛውን ታክል ለማድረግ (ይዞ ለመጣል) የሚሳሳ ከሆነ አለመዋሱ ይሻላል። ማሊያውን ይቀይራል፣ የራሱን ክለብ ካልሲ ግን ይዞ ይገባል፤ ይሄ ደግሞ በራግቢ የተከበረ ነገር ነው። በ1890 የተመሠረተው ባርባሪያንስ የሚባለው የግብዣ ቡድን እስከ ዛሬ የሚጫወተው እንዲህ ነው። ከየክለቡ የተጠሩ ሰዎች ጥቁርና ነጭ ማሊያ ይለብሳሉ፣ እግራቸው ላይ ግን እያንዳንዱ የራሱን ክለብ ካልሲ ያደርጋል።

ክረምት ላይ ሌላም ስልክ አለ። ሌሊቱን ውርጭ ከሆነ ባለሜዳው ቅዳሜ በማለዳ ሜዳውን ረግጦ አይቶ፣ እንግዳው ቡድን መንገድ ሳይጀምር ማሳወቅ አለበት። ሰዎች ከሥራ ፈረቃ ተለዋውጠው፣ ልጅ ለዘመድ ትተው ሁለት ሰዓት ተጉዘው መጥተው "መሬቱ ድንጋይ ሆኗል" የሚባሉበት ነገር በጣም ያሳዝናል።

ዳኛው የእናንተ እንግዳ ነው

በዚህ ደረጃ ዳኛው የሚመጣው ከአካባቢው የዳኞች ማኅበር ነው። ብዙ ጊዜ የሚያገኘው የመንገድ ወጪውን ነው። ስለዚህ አንድ ሰው መድቡለት። መኪና የሚያቆምበትን ያሳየው፣ ልብስ የሚቀይርበት ክፍል ያዘጋጅለት፣ ሻይ ይስጠው፣ ከጨዋታ በኋላ ምግብ እንዲቆይለት ለኩሽና ይንገር። ያሸነፋችሁም የተሸነፋችሁም ቀን እኩል አድርጉት።

ሜዳ ውስጥ ደግሞ ደንቡ ቀላል ነው፦ ከዳኛ ጋር የሚነጋገረው አምበሉ ብቻ ነው። ተጫዋቾች ዳኛውን "ሰር" ብለው ነው የሚጠሩት፣ ሴት ከሆነች ምን ተብላ መጠራት እንደምትፈልግ ቀድማችሁ ጠይቋት። ኳስ አይተን ላደግን ሰዎች ይሄ ይከብደናል። አምስት ሰው ዳኛውን ከቦ እጁን ሲያወናጭፍ ማየት ለምደናል። ራግቢ ሜዳ ላይ ይሄን ብታደርጉ ቅጣት ምቱ አሥር ሜትር ወደ እናንተ ጎል ይጠጋል። ከቀጠላችሁ ቢጫ ካርድ አለ፣ አሥር ደቂቃ ውጪ ትቀመጣላችሁ። የዌልሱ ዳኛ ናይጀል ኦዌንስ በ2012 በአየርላንዱ ሙንስተርና በጣሊያኑ ትሬቪዞ ጨዋታ ላይ ውሳኔ የተከራከረውን ተጫዋች ጠርቶ ዳኛው እኔ ነኝ፣ ይሄ እግር ኳስ አይደለም ያለው እስከ ዛሬ በየክለቡ ይጠቀሳል። እግር ኳስን ማጣጣሉን አልወድም፣ ራግቢም የራሱ ጉድ አለው። ዳኛን መክበብ ግን አስቀያሚ ነገር ነው፣ በየትኛውም ሜዳ።

አምበል ከሆናችሁ ጥያቄያችሁን እንዲህ አቅርቡት። ጨዋታው እስኪቆም ጠብቁ። ቀርባችሁ በዝግታ "ሰር፣ ታክል ላይ ምን እንድናስተካክል ነው የሚፈልጉት?" በሉ። መልሱን ለቡድናችሁ አድርሱ። "ለምን እነሱን አልቀጣህም" ብሎ የሚጀምር አምበል ቀኑን ሙሉ ምንም አያገኝም።

አንዳንዴ ማኅበሩ የሚልከው ዳኛ ያጥረውና ከባለሜዳው ክለብ አንድ ሽማግሌ ይዳኛል። የመስመር ዳኞቹም ከሁለቱ ክለቦች ነው የሚወጡት። ባንዲራ የያዛችሁ ቀን የክለባችሁ ሰው መሆናችሁን እርሱት። የእናንተ ልጅ የዳር መስመር ረግጦ ትራይ (ኳሱን ከጎል መስመር ባሻገር መሬት በማስነካት የሚገኝ ነጥብ) ካስቆጠረ ባንዲራውን አንሡ። የቡድን ጓደኞቻችሁ ለአንድ ሳምንት ያኮርፏችሁ ይሆናል፤ ተጋጣሚው ግን የመስመር ዳኛችሁን ለዓመታት ያምነዋል።

አጥብቆ መጫወትና መጉዳት

ጨዋነት ማለት መለሳለስ የሚመስለው አለ። ተሳስቷል። ራግቢ ላይ ተጋጣሚን ማክበር ማለት በሙሉ ኃይል መግጠም ነው። የተሳሳለት ተጫዋች እንደተናቀ ነው የሚቆጥረው። ልዩነቱ ያለው ከየት በላይ እንደምትይዙና ከያዛችሁ በኋላ በምታደርጉት ላይ ነው።

በእንግሊዝ የማኅበረሰብ ራግቢ ከ2023 የውድድር ዘመን ጀምሮ የታክል ከፍታ ዝቅ ብሏል። ከደረት አጥንት ግርጌ በላይ መያዝ ጥፋት ነው። ቀድሞ ትከሻ ድረስ ይፈቀድ ስለነበር የቆዩ ተጫዋቾች እስከ አሁን ያጉረመርማሉ። አታጉረምርሙ። የተደረገው የራስ ቅል ከራስ ቅል እንዳይጋጭ ነው። ልምምድ ላይ ወገብ ላይ ማነጣጠር ልመዱ፣ ኳስ ይዞ የሚሮጠውም በመጨረሻዋ ሰከንድ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጎ አይግባ።

ስክረም ውስጥ ዳኛው "ክራውች፣ ባይንድ፣ ሴት" (ዝቅ በሉ፣ ተያያዙ፣ ግቡ) እያለ ሲያስገባችሁ ቃሉን ጠብቁ፣ ቀድሞ መግባት ብልጠት አይደለም። ከፊት መስመር አንዱ አንገቱ እየተጨነቀ መሆኑን ጮኾ ካሳወቀ ግፊቱን ወዲያው አቁሙ፣ ከየትኛውም ቡድን ይሁን። ማታለያ ነው ብላችሁ እንዳትጠረጥሩ። ለአንድ ስክረም ብላችሁ የሰው አከርካሪ ላይ አትቆምሩ።

ከታክል በኋላ ከሰውዬው ላይ ተነሡ፣ ስትነሡ ጭንቅላቱን ተደግፋችሁ አይሁን። ጨዋታው ቆሞ ከሆነ እጃችሁን ዘርግታችሁ አንሡት። ለጎል የሚመታ ሲዘጋጅ ዝም በሉ። በአየርላንዷ ሊምሪክ የሚገኘው ቶሞንድ ፓርክ ስታዲየም በዚህ ዝምታው የታወቀ ነው፤ የተጋጣሚ መቺ ኳስ ሲያስቀምጥ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ድምፁን ያጠፋል። እናንተ ሜዳ ዳር ያሉት 40 ሰዎች ይሄን ማድረግ አያቅታቸውም።

አሁን ከሁሉ ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። ኮንከሽን የሚባለው የአንጎል መናጋት ነው። ምቱን የቀመሰው ሰው ራሱ "ደህና ነኝ" ይላል፣ ጓደኞቹም ውጤቱ ተቀራራቢ ስለሆነ እንዲቆይ ይፈልጋሉ። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያየው ፊት ለፊቱ የቆመው ተጋጣሚ ነው። ዓይኑ ሲፈዝ፣ እግሩ ሲንገዳገድ፣ የተሳሳተ ቡድን ውስጥ ሲሰለፍ። እንዲህ ካያችሁ ለዳኛው ተናገሩ። "የእነሱ ጉዳይ ነው" አትበሉ፣ ደከመ ብላችሁም እሱ ላይ አትሩጡ። በብሪታንያ በ2023 የወጣው ለአማተር ስፖርት የተዘጋጀ መመሪያ ግልጽ ነው፦ የተጠረጠረ ሰው በዚያ ቀን ተመልሶ አይጫወትም፣ ወደ ውድድር ጨዋታም ከ21 ቀን በፊት አይመለስም፣ ያውም ምልክቶቹ ጠፍተው ከሆነ ነው። የራሳችሁ ምርጥ ተጫዋች ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ጥብቅ ሁኑ። ያን ቀን አምበሉ ወይም አሠልጣኙ "ውጣ" ለማለት ድፍረት ካጣ ሌላው ጨዋነት ሁሉ ዋጋ የለውም።

ውጤቱ ሲሰፋስ? 50 ለ 0 እየመራችሁ ከሆነ ጨዋታው እንዳይሞት የእናንተ ድርሻ ይበዛል። ተቀያሪዎችን አስገቡ፣ ተጫዋቾችን ያልለመዱት ቦታ ላይ ሞክሩ፣ ከአምበሉና ከዳኛው ጋር ተነጋግራችሁ ሰዓቱን ማሳጠርም ይቻላል። ኳስ እየጣሉ ማሾፍ፣ ሆን ብሎ መሳት ግን ስድብ ነው። የተሸነፈ ሰው እንደታዘነለት ከተሰማው በቀጣዩ ሳምንት ላይመጣ ይችላል።

ለወላጆች

እንግሊዝ ውስጥ ልጆች እስከ ስምንት ዓመት በታች ምድብ ድረስ ታግ ራግቢ ነው የሚጫወቱት፣ ወገብ ላይ የታሰረ ቁራጭ ጨርቅ መንጠቅ ነው። ታክል የሚጀምረው ከዘጠኝ ዓመት በታች ምድብ ላይ ነው። ስለዚህ አትሸበሩ። ሜዳውን ከሚከልለው ገመድ ውጪ ቁሙ። ልጃችሁን "ሩጥ! ያዘው! ምታ!" እያላችሁ አታሠልጥኑ፣ አሠልጣኝ አለው። በአማርኛ ስለሆነ የሚሰማ የለም ብላችሁም ዳኛውን አትሳደቡ፤ ዳኛው ባይገባው ልጃችሁ ይገባዋል። የሌላውም ቡድን ልጅ ጥሩ ሲጫወት አጨብጭቡ። በዚህ ዕድሜ የሚዳኘው ብዙ ጊዜ የአንዱ ልጅ አባት ወይም እናት ነው።

ነገር ሲበላሽ

ራግቢ የጨዋዎች ጨዋታ ነው የሚለው አባባል መጥፎ ነገርን ለመሸፋፈኛ ሲውል አይቻለሁ። ዓይን መቧጠጥ፣ የወደቀን መርገጥ፣ መንከስ፣ በቀለም ወይም በሃይማኖት መስደብ "ሜዳ ላይ የተባለ ሜዳ ላይ ይቅር" ተብሎ አይታለፍም። እኛ ይሉኝታ ስላለብን፣ በዚያ ላይ ደግሞ ቡድኑ ውስጥ ብቸኛው ሐበሻ ስንሆን፣ ውጠን እናልፋለን። አትዋጡት። አጸፋም አትመልሱ፤ ካርዱ የሚወጣው ለሁለተኛው ቡጢ ነው። ወዲያው ለአምበላችሁ ንገሩ፣ አምበሉ ጨዋታው ሲቆም ለዳኛው ይንገር። ከጨዋታው በኋላ የተባለውን ቃል፣ ሰዓቱንና የሰውዬውን የማሊያ ቁጥር በዚያው ምሽት ጻፉ። ክለባችሁ ለካውንቲው የራግቢ ማኅበር የዲሲፕሊን ክፍል ያመለክታል።

የሰደበው የእናንተ ተጫዋች ከሆነ ደግሞ ከሳሽ እስኪመጣ አትጠብቁ። አውጡት። የተሰደበውን ሰው ሄዳችሁ ይቅርታ ጠይቁ፣ ለክለባችሁም ሪፖርት አድርጉ። ጎበዝ ተጫዋች ስለሆነ የሚታለፍ ከሆነ በመልበሻ ክፍሉ ውስጥ ያለው ወጣት ሁሉ የሚማረው ያንን ነው።

ከፊሽካው በኋላ

አንዱ ቡድን በሁለት ረድፍ ተሰልፎ መተላለፊያ ይሠራል፣ ሌላው በመሐሉ ሲያልፍ ያጨበጭብለታል፣ ከዚያ ይቀያየራሉ። ተሸንፋችሁም ቢሆን አትሽሹ። ስትጨባበጡ ዓይን ተያዩ፣ የተጣላችሁት ሰው ካለ ቆም ብላችሁ አንድ ቃል ተናገሩት።

ምግቡን የሚያቀርበው ባለሜዳው ነው። ብዙ ጊዜ ካሪ ወይም ቺሊ በሩዝ፣ አለዚያ ፓይና ቺፕስ። እንግዳ ቀድሞ ይነሣል። እንግዳ ሆናችሁ ከሄዳችሁ ደግሞ ሳትበሉ መሄድ ነውር ነው፣ ሰው ቆሞ አብስሎላችኋል፤ መቸኮላችሁ ካልቀረ አስቀድማችሁ ተናገሩ።

ጾመኞች ከሆናችሁ ይሄን አስቡበት። የውድድር ዘመኑ ከመስከረም እስከ ሚያዝያ ነው፣ የገና ጾምም ዐቢይ ጾምም እዚያው ውስጥ ይወድቃሉ። ኩሽና ያሉትን በሳምንቱ መጀመሪያ "ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የሌለበት አንድ ሳህን" ብላችሁ ንገሯቸው። አብዛኛው ክለብ ዛሬ ይሄን ለምዷል፣ ሐላል ለሚበላውም እንዲሁ። እናንተ ባለሜዳ ስትሆኑ ደግሞ ሐሙስ በምትደውሉበት ስልክ ላይ የምግብ ጥያቄውን ጨምሩ።

መጠጥ ላይ ግልጽ ልሁን። የድሮ ክለቦች አዲስ ሰውን በግድ የማጠጣት ልማድ ነበራቸው፣ አንዳንዱ ጋ እስከ ዛሬ አለ። ይሄ ከጨዋነት ወገን አይደለም። "አልጠጣም" ያለ ሰው ምክንያቱን አይጠየቅም፣ ለስላሳው ይቀርብለታል፣ ወንበሩም ቦታውም እኩል ነው። ይሄን የሚያስከብረው አምበሉ ነው።

ከምግቡ መሐል ሁለቱ አምበሎች ይነሣሉ። ንግግሩ ሁለት ደቂቃ አይለፍ። ዳኛውን አመስግኑ፣ ያበሰሉትን በስም ጠርታችሁ አመስግኑ፣ ከተጋጣሚ ቡድን የቀኑን ምርጥ ተጫዋች መርጣችሁ ለምን እንደመረጣችሁት ተናገሩ። "ሰባት ቁጥር ጥሩ ነበር" አይበቃም፤ ስሙን ጠይቃችሁ "በሁለተኛው አጋማሽ ያንን ትራይ ያዳነበት ታክል" በሉ። በአብዛኛው የሚረሳውን ፕሮፕ ብትመርጡ የበለጠ ደስ ይለኛል፣ ለእሱ የሚያጨበጭብ ብዙ የለም። ስለ ዳኛው ውሳኔ አንድም ቃል አይነሣ።

እሁድ

ከተጋጣሚው ወገን ተጎድቶ የወጣ ሰው ካለ እሁድ ደውላችሁ ጠይቁት። እኛ ታማሚ መጠየቅ ስለምናውቅበት ይሄ አይከብደንም። እናንተ ሰፈር ያለ ሆስፒታል ገብቶ ከሆነ ቤተሰቡ ሩቅ ሊሆን ይችላል፤ ቻርጀር፣ ልብስ፣ የሚበላ ነገር ይዞ የሚሄድ አንድ ሰው መድቡ። ታክል ያደረገው ልጅ ራሱ ቢሄድ ይመረጣል፣ በተለይ ጉዳቱ ከባድ ከሆነ፣ ምክንያቱም ሁለቱም ሌሊቱን ሲያስቡት ነው የሚያድሩት። ለኃላፊያቸውም በዚያው ስልክ የተረሳ ጫማና የውኃ ጠርሙስ መገኘቱን ንገሩት፣ የመልሱ ጨዋታ መቼ እንደሚመቻቸውም ጠይቁት።